ጋቢው

ባለፈው የካቲት ልጄን ይዤ ደሴ፣ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። እኔ ማድ ቤት ቡና እቆላለሁ፤ እነሱ ሳሎን ተቀምጠዋል። እናቴ ሳጥኗን ከፍታ ያንን ፌስታል ስታወጣ አላየሁም። ባይ ኖሮ ቡናውን ጥዬ እሮጥ ነበር።

የሰማሁት የልጄን ድምፅ ነው። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ታነባለች። «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ።» ቡናውን ማማሰሌን ተውኩት። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

ያ ደብዳቤ የወንድሜ ነው። የመጨረሻው። 26 ዓመት ሙሉ ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው አንብቦላት አያውቅም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እንዲህ እንዲሆን የተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም እኔ የማነብላት ደብዳቤና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደብዳቤ አንድ አይደሉም።

ፊደል ያስቆጠረኝ

በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ጋሽዬ ነው የምለው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ለእኔ ወንድምም አባትም እሱ ነበር።

ቤታችን ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ያኔ የጭቃው ግድግዳ ዙሪያውን ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። ጋሽዬ ፊደል ያስቆጠረኝ ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሳልገባ ትከሻው ላይ ያወጣኝና አንዷን ፊደል በጣቱ እየነካ «ይቺ ማናት?» ይለኛል። ካወቅኩ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ካላወቅኩ እዚያው ቆመን እንቀራለን። እንዲህ እያልን ግድግዳውን ዞርነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ማንበብ እችል ነበር። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ቤት የሚመጣው ወረቀት ሁሉ፣ የውሃ ሂሳብም ይሁን የእድር ጥሪ፣ እሱ በሌለ ጊዜ የእኔ ሥራ ሆነ።

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይባላል። የእሱን አንገት ላስረዝም አልፈልግም። ቁጡ ነበር። እልኸኛም ነበር። አንዴ የሳይንስ መጽሐፌን ሸጦ ሆጤ ሜዳ ለሚጫወቱበት ኳስ አዋጥቶበታል። ሳለቅስ ሲያየኝ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ስነሳ ጫማዬ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ይቅርታ ማለት አያውቅበትም። የሚያውቀው እንዲህ ማድረግን ነው።

ግንቦት 1990 ባድመ ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ክረምቱ ላይ ለእማዬ ሳይነግር ተመዘገበ። የዚያን ጊዜውን ስሜት የኖረበት ያውቀዋል፤ አልደግመውም። እማዬ ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን በሶ መቁላት ጀመረች።

ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ሲሄድ በደሴ አለፈ። ኅዳር 1991 ነው። የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው ቆሙ። ሰዉ ዳቦና ቆሎ እየያዘ ወጣ። እማዬ ይዛ የወጣችው ጋቢ ነው።

ስለዚህ ጋቢ ልንገራችሁ። ጥጡን የፈተለችው ራሷ ናት። ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ለሰርጉ ብላ ነበር ያሠራችው። አራት ድርብ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት አለው። ሸማኔው «ለጋቢ አረንጓዴ ምን ያደርግለታል?» ብሏት ተከራክራው ነው ያስገባችው። መኪናው ላይ ስታቀብለው ጋሽዬ አፈረ። ጓደኞቹ ሳቁ። ቢሆንም ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ያ ነጭ ነገር እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየን። ጋሽዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 3

በየካቲት አጋማሽ የባድመው ውጊያ ሆነ። «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» የተባለው። ከየካቲት 16 ጀምሮ ጥቂት ቀናት ነው የፈጀው። ምሽጉ ተሰበረ ተባለ። ባድመ ተያዘ ተባለ። ዜናው ከዓድዋ በዓል ጋር ገጠመ። እኛም ሰፈር እልልታ ነበር። እማዬም ደጅ ወጥታ እልል ብላለች። ይህ እስካሁን ያመኛል። እልል ስትል ልጇ ሞቶ ነበር።

ሐሙስ መጋቢት 2 ቀን ወንፊት ላመጣ አጎቴ ቤት ተላክሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ከጋሽዬ ጋር የነበረ አንድ ቁስለኛ መልእክት ልኮ ኖሯል። አጎቴ «የወልድያና የሐይቅ ዘመድ ይምጣ፤ እሁድ ጠዋት እንነግራታለን» ሲል ሰማሁ። ከዚያ የጋሽዬን ስም ጠራ። አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ።

አጎቴ ሲወጣ በር ላይ አገኘኝ። መስማቴን ከፊቴ አወቀ። ቁጢጥ ብሎ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘኝ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው። እንዲሁ ከሰማች ትሞትብናለች። እስከ እሁድ ሆድሽ ይቻለው።» ወንፊቱን ሰጠኝ። ይዤ ተመለስኩ።

የ11 ዓመት ልጅ ነኝ። እናትሽ ትሞታለች ተብያለሁ። ያን ሌሊት እማዬ ጎን ተኝቼ ትንፋሿን ሳዳምጥ አደርኩ።

በማግሥቱ ደብዳቤው መጣ። ያመጣው ከመቀሌ የሚመለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከላይ «የካቲት 9 ቀን 1991» ይላል። ከውጊያው አንድ ሳምንት በፊት ማለት ነው። እማዬ ደብዳቤ ሲመጣ የምታደርገው ነገር አለ። እጇን ትታጠባለች። ነጠላዋን ታስተካክላለች። ዱካዋን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ትቀመጣለች። እሱ ራሱ ሊገባ ይመስል። ያን ቀንም እንደዚያው አደረገች። «በይ አንብቢልኝ» አለችኝ።

«እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።»

«ተመስገን» አለች።

ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሳልኩ። ውሃ ጠጣሁ። ቀጠልኩ። ሰላምታው ረጅም ነው። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ጎረቤታችንን ሼሁን፣ ባለ ሱቁን፣ የኳስ ጓደኞቹን። እማዬ ለእያንዳንዱ ስም ራሷን ትነቀንቃለች። ሰላምታውን ለባለቤቱ ማድረስ አለባትና በልቧ እየያዘች ነው። እኔ ደግሞ እነዚያ ስሞች እንዳያልቁ እፈልጋለሁ። ስሙ እስኪያልቅ ድረስ እሱ አለ።

ከዚያ ይህ መስመር መጣ፦

«እማዬ እንዳትቆጪኝ፤ ጋቢውን ወባ ይዞት ለሚንቀጠቀጥ ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ። እዚህ ቆላ ነው፤ እኔ አይበርደኝም። ሌላ እንዳትልኪ።»

ዓይኔ ቀድሞ አየው። አፌ ቆመ።

ያቺን ቅጽበት በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩባት አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስባት ምክንያት እፈልግላታለሁ። እናቴን ላለማሳዘን ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ ይልቅ የልጅ ነገር ነው። አባቴ ሲሞት ግንባሩን አስመውኝ ነበር። ከአባቴ ሞት የማስታውሰው ያንን ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜውን። ስለዚህ ለእኔ የሞተ ሰው ማለት የበረደው ሰው ነው። ጋሽዬ የሆነ ቦታ መሬት ላይ ተኝቷል፤ በርዶታል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። አሁን ደግሞ ጋቢ እንኳ የለውም። ይህን ጮክ ብዬ ካነበብኩት የሚጸና መሰለኝ። ካላነበብኩት ግን የማይሆን።

ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦

«እማዬ፣ እኔ አይበርደኝም፤ ሌሊት ሌሊት ጋቢሽን ለብሼ ነው የምተኛው።»

እማዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ወይ ልጄ! አፍሮ ይጥለዋል ብዬ ነበር እኮ» አለች። «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። አሁንም ድገሚልኝ አለች። በሦስተኛው ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ከጋሽዬ አፍ የወጣ ያህል ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ መጡ። ሼሁ ከፊት፣ አጎቴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላ የወልድያ ዘመዶች። እማዬ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት በሯ ላይ ስታይ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ስለዚያ ጠዋት ሌላ አልጽፍም።

አስከሬን የለም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ፎቶው ነው፤ ከሥሩ ሸሚዙና የኳስ ጫማው። በሰልስቱ እማዬ ራሷ ሙሾ አወረደች፦

በክረምት ፈትዬ ያለበስኩት ጋቢ፣
ለልጄ ሆነለት እንደ እናት አሳቢ።

ለቀስተኛው ደረቱን መታ። እኔ ከድንኳኑ ወጥቼ ሮጥኩ።

ጥለቱን አውቀዋለሁ

መጀመሪያ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልጇ ሞቶ መቃብሩን ያላየች እናት ቀንና ሌሊት የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። ማን ገነዘው? ማን ሸፈነው? ዓይኑን ማን ከደነለት? እኛ አገር ሰው የትም ይሙት፣ ሲገነዝ የነበረ አንድ ሰው «በወጉ ነው የተሸኘ» ካለ ሐዘንተኛው ትንሽ ይተነፍሳል። ለእማዬ ይህን የሚላት አልነበረም። በኋላ የመጣው የመንግሥት ወረቀትም ይህን አይልም። ያቺ የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን አለቻት። ልጇ ጋቢዋን ለብሶ ይተኛ ነበር። እንግዲያስ ለብሶት ነው የተኛው። ራሷ በፈተለችው ጥጥ ተገንዟል። እህል መቅመስ የጀመረችው ይህን ለራሷ ከነገረች በኋላ ነው።

በየዓመቱ የካቲት ላይ ደብዳቤውን አውጥታ ታስነብበኛለች። አዲስ አበባ ሥራ ይዤም፣ አግብቼም፣ ለዚህ ብዬ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው እንዳያነብላት ማለት ነው። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜም እወጣዋለሁ። አንድ ዓመት ተሳስቼ «ጋቢሽን ደርቤ» አልኩ። ወዲያው አረመችኝ። «ደርቤ አላለም። ለብሼ ነው ያለው።»

ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል መመለስ ጀመሩ። አስከሬን ያላዩ የሰፈራችን እናቶች ምናልባት ብለው ልባቸው ተንጠለጠለ። እማዬ አልተንጠለጠለችም። «የኔ ተሸፍኖ ተኝቷል» አለች። ከመጠበቅ አዳንኳት ወይስ ተስፋዋን ወሰድኩባት? ይህን እስካሁን መለየት አልቻልኩም። አንዳንድ ሌሊት አንዱን እላለሁ፣ አንዳንድ ሌሊት ሌላውን።

ሚያዝያ 1994 ሄግ ላይ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ተሰማ። መጀመሪያ ባድመ የእኛ ሆነች ተባለ፤ ቆይቶ ግን ለኤርትራ መወሰኗ ተሰማ። ሰፈሩ በሙሉ ይንጫጫ ነበር። እማዬ ሬዲዮውን ዘጋችና «ታዲያ ልጄ ጋቢዬን ለብሶ የተኛበት የማን ሆነ?» አለችኝ። እኔን ነው የጠየቀችኝ። ያነበብኩላት እኔ ነኝና።

የሟቾቹን ቁጥር አንድ ቀን ነገርኳት። የሁለቱን ወገን ደምረው ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገምቱታል። ኤርትራ ከእኔ የሞቱት 19 ሺህ ናቸው ብላለች። ከእኛ በኩል ይህን ያህል ነው ተብሎ በይፋ አልተነገረንም። እማዬ ቁጥር አይገባትም ብዬ አስብ ነበር። ዝም ብላ ቆይታ፣ ስለ 19 ሺዎቹ «እነሱንስ ማን አለበሳቸው?» አለች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን 2011 ነው። መስከረም 1 ቀን ቡሬና ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። በቴሌቪዥን ሰው ከሰው ጋር ተቃቅፎ ሲያለቅስ እያየን ነበር። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን መሄድ ይቻላል?»

«የት?»

«አጥንቱን ላመጣ። ቢደባለቅም እለየዋለሁ። ጥለቱን አውቀዋለሁ። አራት ድርብ ጋቢ ቶሎ አይበሰብስም።»

ምን እላለሁ? «እስቲ ይረጋጋ» አልኳት። ያን ሌሊት ልነግራት ተነሥቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። አርጅታለች፤ ተኝታ ታንሳለች። ተመልሼ ተኛሁ። መሄዱን ግን እስከ 2013 ድረስ ስታነሳው ነበር። ከዚያ ሌላ ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2014 ደሴም ገባ። እማዬ ከቤቷ ስትወጣ ወርቋን ረስታ ያንን ፌስታል በብብቷ ይዛ ነው የወጣችው። ስትመለስ በየሰፈሩ አዲስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሌላውን ልጅ መርዶ ስታለቅስ ስለ አጥንቱ ማንሳቱን ተወችው። የካቲት ሲመጣ ግን ደብዳቤው ይወጣል።

ልጄ ስታነብ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። የእኔ እውነት 26 ዓመት ፈጅቶ፣ ማድ ቤት ቆሜ ነጋ።

ልጄ ሰላምታውን ጨረሰች። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበች «ይሄ ማነው እማማ?» ትላለች፤ እናቴ ትመልስላታለች። ብዙዎቹ ሞተዋል። ከዚያ መስመሯ ጋ ደረሰች። ምንም አላወቀችም፤ ዝም ብላ አነበበችው። «እማዬ እንዳትቆጪኝ፤ ጋቢውን ወባ ይዞት ለሚንቀጠቀጥ ጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ።»

ፀጥ አለ።

«እማማ? ምን ሆንሽ?»

«ድገሚልኝ» አለች እናቴ።

የ1991ዋ ቃል ናት። በዚያው ድምፅ።

ልጄ ደገመችላት። እኔ የሚጨሰውን የቡና መቁያ እንደያዝኩ በሩ ላይ ደረስኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ለ26 ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንድም ቃል አልወጣ አለኝ። «እማዬ» ብቻ አልኩ።

«ያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«11።»

ራሷን ነቀነቀች። «መሞቱን ሰምተሽ ነበር ማለት ነው?»

«ከአጎቴ ሰምቼ ነበር።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። «ቡናው አሯል፤ ሌላ ቁይ» አለችኝ። ሄጄ ሌላ አጠብኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ስቆላው፣ ስወቅጠው፣ ጀበናውን ስጥድ ከሳሎን ድምፅ አልሰማም። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አንዴ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ደብዳቤውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ልጄን «የቷ ናት?» ትላታለች። ልጄ ጣቷን ወስዳ መስመሯ ላይ አሳረፈችላት። እናቴ ጣቷን ከዚያ አላነሳችም።

ቡናውን ይዤ ገባሁ። አቦሉን ቀዳሁ። ሳትቀምሰው ስኒውን አስቀመጠች።

«ያ ልጅስ?» አለች።

«የቱ?»

«ወባ የያዘው። ድኖ ይሆን?»

አላውቅም አልኳት። ስለ እሱ አንድ ጊዜም አስቤ አላውቅም። 26 ዓመት ሙሉ ያ መስመር ውስጥ የሚንቀጠቀጥ አንድ ልጅ ነበር። እኔ ያየሁት ጋቢ የሌለውን ብቻ ነው።

«ያኔ ሃያ ቢሆን፣ አሁን ትልቅ ሰው ነው» አለች። «ወልዷል።» ጣቷን መስመሯ ላይ አሸች። «ከዳነ እኮ ጋቢዬ እሱ ጋ ነው።»

«እማዬ፣ ከ26 ዓመት በኋላ...»

«ጠይቂ እስቲ» አለችኝ። «እናንተ የምትጽፉበት ነገር አላችሁ አይደል? ጻፊው። አረንጓዴ ጥለት አለው በይ።»

ይኸው ጻፍኩ። የካቲት 1991 ባድመ ግንባር፣ ከውጊያው በፊት፣ ወባ ይዞት ነበር። ጋቢው ነጭ ነው፤ አራት ድርብ። ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት አለው።